በዓይንህ ምክንያት የሰው እርዳታ ያስፈልግሃል?

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በእኔ ቦታ የተተካችው ፈትሒያ ደወለችልኝ። ፈትሒያ ሶማሊ ናት፤ አማርኛን ከጎረቤት ስለለመደችው ከእኔ ልጆች የተሻለ ታውቀዋለች። የዓይን ክሊኒካችን አሁን የመጠይቁን ወረቀት ትቶ ታብሌት ገዝቷል። ሕመምተኛው ራሱ በጣቱ እየነካ ይመልሳል፣ ነጥቡም ወዲያው ተደምሮ ይወጣል። «ሲስተር ጽጌ፣» አለችኝ፣ «አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ተጋጭቶ ነው የገባው። የኑሮው ነጥብ ግን ከእኔ ከራሴ ይበልጣል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም አልኳት። እንግዲያው ምንድነው ብትለኝ ድስት ጥጃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የጣድኩት ድስት አልነበረም፤ መልሱን ስለማላውቀው ነው። ይህንን የምጽፈው ለእሷ መልስ ይሆናል ብዬ ነው። ጨርሼውም መልስ ካልሆነ፣ ግራ የገባት እሷን ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ከድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር ወርዶ እዚሁ ጂቡቲ ቀረ፤ እኔም ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ተወለድኩ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ሶማሊኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ሱቅ ዓረብኛ ነበር። አፋርኛ ብቻ እስከ ዛሬ ይተናነቀኛል። ነርስ ሆኜ ስቀጠር አለቆቼ የወደዱልኝ መርፌ አወጋጌን ሳይሆን ምላሴን ነው። መጀመሪያ ጋቦዴ ጤና ጣቢያ መደቡኝ። የዚያ አለቃችን ከቁስሉ በፊት ሰዓቷን የምታይ ሴት ነበረች፤ ከእሷ ፋሻ ቶሎ መጠቅለልና ቶሎ መቆጣት ተማርኩ። ሁለተኛውን ለመተው ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወደ ፔካ 12 አዛወሩኝ። ከከተማው መውጫ ላይ፣ የኢትዮጵያ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ሰፈር ነው። ክሊኒኩ አሮጌ ኮንቴይነር ስለነበር ሙቀቱ ሲመጣ ውስጡ ዳቦ ይጋግራል። ሹፌሮቹ አማርኛ የምትናገር ነርስ መጣች ሲባሉ ለራስ ምታትም ለወሬም ይመጡ ጀመር። ዶክተር ዋይስን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የከተማው ዓይን ክሊኒክ ሐኪም ነበሩ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሹፌሮቹን ለማየት ይመጣሉ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሌሊት ስትነዱ ትቸገራላችሁ ወይ ብዬ እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። የተቸገረ አንድም ሰው ጠፋ። አንዱማ የኮንቴይነሩን ደፍ ሳያይ ተደናቅፎ እየገባ ሌሊቱ ለእኔ እንደ ቀን ነው አለኝ። ዶክተሩ ሳቁ። ሹፌርን ስለ ራሱ ዓይን አትጠይቂው፣ ስለ ጓደኛው ዓይን ጠይቂው አሉኝ። እንዳሉኝ ሳደርግ ያ ሁሉ ሹፌር መንገድ ላይ የሚያስፈራ ዕውር ጓደኛ ያለው ሆኖ ተገኘ። ሰውን ጠይቆ እውነት ማግኘት የሚባለው ነገር እንደማስበው ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር እየቀነሰ ነው የሄደው።

በዓመቱ ዶክተሩ ራሳቸው ጠይቀው ወደ ከተማው ክሊኒክ አስዛወሩኝ። ደመወዙ ከፔካው በጥቂት ፍራንክ ይሻላል፤ ለዝውውሩ ወረቀት የተሰለፍኩትን ሰልፍ ብቆጥረው ግን ጭማሪውን ይበላዋል። ስለ እሱ ይብቃኝ።

ዶክተር ዋይስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ሕመምተኛውን ከመመርመራቸው በፊት መስኮቱን ዘግተው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ ከሰውየው ጎን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ጊዜ ጸሎት መስሎኝ እኔም አቀርቅሬ ቆምኩ። ለካስ የራሳቸው ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ነው፤ ሰውየውም እስኪረጋጋ። ጠብታውን መዳፋቸው ውስጥ ያሞቁታል፤ ቀዝቃዛ ጠብታ የታመመ ዓይን ላይ ሲወርድ እንደሚያስደነግጥ ያውቃሉ። የሕመምተኛውን ወንበር ደግሞ ፊት ለፊት አያስቀምጡም። ጠረጴዛውን ዞሮ እንዲደርስበት አድርገን ነው የምናስቀምጠው። ገና በሩን አልፎ ጠረጴዛውን ሲዞር እጁ ምን ይነካል፣ እግሩ ምን ይፈልጋል፣ እሱን ያያሉ። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች የሚያስነብቡት መጨረሻ ላይ ነው።

የተመደብኩት ፈረንሳዮቹ ዩቬይት የሚሉት፣ ዓይን ከውስጡ የሚቆጣበት በሽታ ላይ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ተራ የዓይን መቅላት ይመስላል፤ ሰው ከፋርማሲ ጠብታ እየገዛ ይከርማል። ለሕመምተኛ ሳስረዳ፣ የግቢህ ዘበኛ አንተኑ ሌባ ነህ ብሎ ሲደበድብህ ማለት ነው እል ነበር። ዶክተሩ በማሽኑ ቀጭን ብርሃን ሲያበሩበት፣ በመስኮት በገባ ፀሐይ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ አቧራ፣ ዓይኑ ውስጥ የሚዋኝ ነገር ያያሉ። ክፋቱን የሚያውቁት በአቧራው ብዛት ነው። በሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬ ሰሌዳውን እስከ ታች ያነበበ ሰው በወሩ የዘረጋሁለትን ጣት መቁጠር ያቅተዋል። ክፍላችን ውስጥ አጣርቶ የሚያየው ሰው ውጭ ሲወጣ ደግሞ፣ የእኛ ከተማ የረፋድ ፀሐይ ነጭ ሆኖ ሲመታው፣ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። እንግዲህ ሰሌዳው ያያል አለ። ሰውየው ግን ቤቱ መድረስ አልቻለም። ማንን ትሰማለህ?

ዶክተሩ በዚህ ጉዳይ ሲብሰለሰሉ ነው ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው መጠይቁ የመጣላቸው። የዓይኑን ሳይሆን የኑሮውን ጥራት ይለካል ተባለ። ታነባለህ ወይ፣ ውሃ ስትቀዳ ታፈሳለህ ወይ፣ መንገድ ላይ የሰው መልክ ትለያለህ ወይ፣ ስለ ዓይንህ ትጨነቃለህ ወይ፣ ሌላም ሌላም። መልሱ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ ወይም ሁልጊዜ ነው። ችግሩ በበዛ ቁጥር ነጥቡ ይወርዳል። ዶክተሩ ያን ቀን አዲስ ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ነበሩ። ወደ አማርኛ እንድመልሰው ለእኔ ሰጡኝ፣ ሶማሊኛውንና አፋርኛውን ለሌሎች።

ያ መጠይቅ ብዙ አሳቀን። አንዱ ጥያቄ ጨለማ ውስጥ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ትቸገራለህ ይላል። ጂቡቲ ምድር ብትቆፍር የምታገኘው የባሕር ውሃ ነው። ሌላው ጓሮህን ስትንከባከብ ይላል። በእኛ ሰፈር ጓሮ ማለት የጎረቤት ግድግዳ ነው። ቲያትር ቤት የሚለውን ሰርግ ቤት አልነው። ብርሃን ያስቸግርሃል ወይ የሚለው ደግሞ አስቸጋሪ ሆነ፤ ብንጠይቅ ሁሉም ማንን የማያስቸግር አለ ይለናል። በዚህ ከተማ በቀትር ዓይኑ ጤነኛ የሆነውም ሱቁን ዘግቶ፣ መስኮቱን ጋርዶ ይተኛል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲወጣ አንተ ቤት ትቀራለህ ወይ ብለን ቀየርነው። በዚህች በአንዷ ጥያቄ ላይ ስንት ቀን ተጨቃጨቅን።

ምንም ያልተጨቃጨቅንባት ጥያቄ አንዲት ናት። በዓይንህ ምክንያት የሰው እርዳታ ያስፈልግሃል? ሁለት ሦስት ቦታ መልኳን እየቀያየረች ትመጣለች፤ ለመንገድ፣ ለቤት፣ ለሥራ። ቀላል ናት፣ አማርኛዋም አማርኛ ነው። ብዙ እርዳታ የሚፈልግ ሰው ኑሮው ከፋ፣ ነጥቡ ይወርዳል። የማይፈልግ ሰው ራሱን ችሏል፣ ነጥቡ ይወጣል። ማን ይከራከራል? ገልብጬ አለፍኩ።

ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። ከውጭ የሚረዳን ድርጅት፣ ጠብታውና ኪኒኑ ላልረዳቸው ሰዎች አዲስ መርፌ ላከ። ውድ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በሙቀቱ ወራት መብራት ሲጠፋ እያቀፍኩ ወስጄ ዓሣ ነጋዴው በረዶ ውስጥ አስቀምጠው ነበር፤ የዓሣ ሽታ ያለው የዓይን መድኃኒት የሰጠሁ ነርስ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዋናው ጭንቅ ግን ለማን ይሰጥ የሚለው ነበር። ድርጅቱ ደንብ አወጣ፦ ዓይናቸው እኩል ከተጎዳ፣ ኑሮው የባሰበት ይቅደም። የባሰበት ማን እንደሆነ የሚናገረው የእኛ መጠይቅ ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ቦታ ቀረና ሁለት ሰዎች መጡ።

እታፈራሁን ካርቲየ 2 የማያውቃት የለም። የሰርግ ልብስ የምትሰፋ፣ ለሶማሊው ድርዕ፣ ለእኛው ቀሚስ፣ አንደበቷ ከመቀሷ የሚፈጥን ሴት ናት። አብሮ አደጌ ስለሆነች በሽታው ሁለቱንም ዓይኗን ሲይዛት እኔም ታምሜ ነበር። ስጠይቃት እህቷና የጎረቤቷ የዘምዘም ልጅ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ወንድሟ በር ላይ።

«የሰው እርዳታ ያስፈልግሻል?» አልኳት።

«ምነው ጽግዬ፣ ሞልቶልኝ የለም እንዴ! መርፌው ላይ ክሩን እህቴ ታስገባልኛለች። ቀለሙን ይህቺ የዘምዘም ልጅ ትለይልኛለች። መንገዱን ወንድሜ ያሻግረኛል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ እግዜር ይመስገን፣ ሰው አላሳጣኝም።»

የምትናገረው ሀብቷን እንደሚያሳይ ሰው ነበር። እኔ ሁልጊዜ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ቀጥሎም ሁልጊዜ፣ ቀጥሎም ሁልጊዜ። ነጥቧ ወርዶ መሬት ነካ። እሷ ግን ስትመጣ ከነበረችው ይልቅ ደስ ብሏት፣ ሰዎቿን አስከትላ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ሰይድ መጣ። የወሎ ልጅ ነው፤ ወደ የመን ለመሻገር ከሚጠብቁት ወጣቶች አንዱ። ከፔካ 12 አንድ ሹፌር አሳፍሮ ክሊኒኩ በር ላይ ጥሎት ሄደ። ጠረጴዛውን ሲዞር ዳሩን በጣቱ እየለካ ነበር። ዶክተሩ ዓይኑን አዩ፤ ጉዳቱ ከእታፈራሁ የማይተናነስ ነበር። እኔ ደግሞ መጠይቄን አወጣሁ። መንገድ ስትሻገር እርዳታ ትፈልጋለህ ስለው አልፈልግም፣ የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ እሻገራለሁ አለ። ምግብህንስ ስለው ያገኘሁትን እበላለሁ አለ። ለሥራ? ለቤት? በጭራሽ፣ በጭራሽ። ወረቀት የሚያነብልህ ሰው ያስፈልግሃል ስለው ማንም ጽፎልኝ አያውቅም አለ። ቀጥሎ ስለ ዓይንህ ትጨነቃለህ አልኩት።

«ስለ ዓይኔስ አልጨነቅም፣ ሲስተር። የምጨነቀው ስለ መንገዱ ነው።»

ስለ መንገዱ የሚጠይቅ ጥያቄ አልነበረንም። የነገረኝን ጻፍኩ። ነጥቡ ከፍ ብሎ ወጣ፤ በመጠይቁ መሠረት ሰይድ ራሱን ችሎ በደህና የሚኖር ሰው ነው። ዶክተር ዋይስ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ። ትክክል ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያለውን ነው የጻፍኩት አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም። መርፌው ለእታፈራሁ ተሰጠ። ለሰይድ ጠብታ ሰጥተን በሳምንቱ ተመለስ አልነው። አልተመለሰም። ሹፌሮቹን ባጠያይቅ ጓዶቹ የየመን ጀልባ ወደሚነሳበት ወደ ኦቦክ ሄደዋል፣ እሱም ከኋላቸው ሄዷል አሉኝ። አብሯቸው አላሉኝም፤ ከኋላቸው ነው ያሉኝ።

ያን ጊዜ አዘንኩ እንጂ የተሳሳተ ነገር አለ ብዬ አልጠረጠርኩም። ዓይኔን የከፈተችው እታፈራሁ ናት። መርፌው ሠራላት፤ የዓይኗ አቧራ ጠራ፣ ሰሌዳውን እስከ ታች ወረደችው። ደስ ብሎኝ መጠይቁን እንደገና ሞላሁላት። የሰው እርዳታ ያስፈልግሻል ስላት እንደ ቀድሞው ሁልጊዜ አለችኝ። አሁን እኮ ታያለሽ ብላት ተቆጣችኝ። ታዲያ ስላየሁ እህቴን ክር አታስገቢልኝ ልበላት፣ ምን አድርጋኝ አለች። ነጥቧ ንቅንቅ አላለም። ድርጅቱም መድኃኒቱ ለዚች ሴት አልሠራም ወይ ብሎ ጻፈልን።

ዶክተሩ ጋ ገብቼ ነገሩን ነገርኳቸው። ከእንግዲህ የምንለካው ዓይን ነው፣ ኑሮ ነው ወይስ ዘመድ ብዬ ጠየቅኩ። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉና፣ በዚህ መጠይቅ ከሆነ የእኔ እናት የጂቡቲ የመጨረሻዋ ምስኪን ናት አሉ። እናታቸው ውሃ እንኳ ራሳቸው ቀድተው አያውቁም፤ ልጆቻቸው ይሽቀዳደሙላቸዋል። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ የሰይድ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ እሳቸውም ትዝ እንዳላቸው ከፊታቸው ለየሁት። ማንም የሌለውን ልጅ ማንም አያስፈልገውም ብለን ነበር የደመርነው።

ጥያቄዋን ለማረም ሞከርን። የሚረዳህ ሰው ባይኖር ትቸገር ነበር ወይ ብዬ ብጠይቅ ሰዎቹ አማተቡ፤ እስላሙም አዑዙ ቢላሂ አለ። ለምን ክፉ ታወሪያለሽ፣ ለምን ሰው አይኖረኝም አሉኝ። ጥያቄዋን እንሰርዛት ብንል ድርጅቱ አንዲት ጥያቄ ከጎደለ ውጤቱ ከሌላ አገር ጋር አይወዳደርም አለ። እነሱም እውነት አላቸው። እታፈራሁም እውነት አላት፤ ዓይኗ የእውነት ታሞ ነበር፣ መርፌውም ይገባት ነበር። ሁሉም እውነት ያለው ነገር እንዲህ ሲጣመም ማንን እንደምቆጣ አላወቅኩም። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቴ ገብቼ ባሌን ተቆጣሁ።

ሰይድን ዳግመኛ አየዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ብዙ ቆይቶ፣ ከየመን በጀልባ ተመልሰው ኦቦክ ከወረዱት ጋር መጣ። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ቀኙ ጉም ነው። እጅጌውን ይዞ የሚመራው ኪሮስ የሚባል የራያ ልጅ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ኪሮስ በትከሻው ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ሰይድ ሳይነካው ዞረ፤ ሁለቱ አብረው መሄድን የተማሩት ለብዙ ጊዜ እንደሆነ ያስታውቃል። ዶክተር ዋይስ መብራቱን አጥፍተው አጠገቡ ሲቀመጡ ከወትሮው የበለጠ ቆዩ። ከዚያ በፈረንሳይኛ፣ ግራው አልቋል፣ ቀኙን መርፌው ሊያተርፈው ይችላል፣ አንድ ቦታ አለን፣ ሌላ ተጠባባቂም አለ አሉኝ። አውጪው ማለታቸው ነው፤ መጠይቁን።

ኪሮስን ውጭ ቆየን ብዬ አስወጣሁት፤ እሱም በሩን ገርበብ አድርጎ ደፉ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ኑሮህ ከበፊቱ ጋር ሲተያይ ተሻለ ወይስ ከፋ የሚል ነው።

«ተሽሏል» አለ ሰይድ።

አንድ ዓይኑን ያጣ ልጅ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ደንቡን አፍርሼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት፤ ይህ ወረቀት ሰው ይመርጣል፣ ኑሮው የከፋበት ነው መድኃኒቱን የሚያገኘው፣ አስበህ መልስ አልኩት። ሰምቶኝ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ሲስተር፣ ኪሮስ እኮ እዚያ ቆሟል። ከባሕሩ ማዶ እዚህ ድረስ ዓይን ሆኖኝ ነው የመጣው። እሱ እየሰማ ኑሮዬ ከፋ ልበል?»

«በቀስታ በለው» አልኩት።

«በቀስታ ባልኩትስ እኔ እሰማው የለም?»

ተሽሏል ብዬ ጻፍኩ። በልቤ ይህ ልጅ ሁለተኛም ሊያመልጠን ነው እያልኩ ቀጠልኩ። የሰው እርዳታ ያስፈልግሃል? ፊቱ ፈካ። «አዎ፣ ሁልጊዜ» አለ። ለመንገድ? ሁልጊዜ፣ ኪሮስ አለ። ለምግብ? ኪሮስ ያቀርብልኛል፣ አጥንቱን ለይቶ። ለሥራ? አብረን ነው መኪና የምናጥበው፣ ያልጠራውን እሱ ያሳየኛል። እያንዳንዷን ሲመልስ እታፈራሁን ነበር የሚመስለው። እያንዳንዷም ነጥቡን አወረደችው። ደምሬ ስጨርስ ከሌላው ተጠባባቂ በታች ሆነ። ሰው ስላገኘ ኑሮው ከፋ ተባለ፤ ኑሮው ከፋ ስለተባለ መድኃኒት አገኘ።

ወረቀቱን ለዶክተሩ ስሰጥ ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላወቅኩም። ይህ ልክ አይደለም አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። ታዲያ ምን እናድርግ ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ያን ጊዜ ስህተቱ እሱ ላይ ሠራ» አሉኝ። «አሁን ለእሱ ይሥራለት። ሌላውን ነገ እንጨቃጨቃለን።»

ስንጨቃጨቅ ዶክተሩ ጡረታ ወጡ፣ በተራዬ እኔም ወጣሁ። አሁን ታብሌቱ ላይ ያለችው ጥያቄ ያቺው ናት።

ሰይድ መርፌውን እየተወጋ ከረመ። ኪሮስ ሁልጊዜ ያመጣው ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እኔም ሻይ እልክለታለሁ። የቀኝ ዓይኑ አቧራ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ጣቴን ቆጠረ፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን ጀመረ። አንድ ቀን ብቻውን መጣ። ኪሮስስ ስለው አንድ ሹፌር እስከ ሚሌ አሳፍሮት ወደ አገሩ ገባ፣ እናቱ ታማበታለች አለ። ዓይንህ ከዳነ ምን አደርግልሃለሁ ብሎ ስቆ ነው የሄደው አለኝ። ሰይድም ስቆ ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር።

የመጨረሻውን መጠይቅ የሞላሁለት ያን ቀን ነው። ሰሌዳውን እስከ ታች አንብቦታል። ጠረጴዛውን ሲዞር ምንም አልነካም። የሰው እርዳታ ያስፈልግሃል አልኩት። በጭራሽ። ለመንገድ? በጭራሽ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው። ለምግብ? በጭራሽ። ለሥራ? በጭራሽ። እያየሁ ነው፣ ሲስተር። ኑሮህ ከበፊቱ ጋር ሲተያይስ ስለው ወደ በሩ ዞሮ አየ። ደግሜ አልጠየቅኩትም፤ ባዶውን ተውኩት። ያም ሆኖ ድምሩ እስከ ዛሬ ከደመርኩት ሁሉ የበለጠ ወጣ። ድርጅቱ በኋላ በዚህ ልጅ በጣም ተደስቷል፤ የመድኃኒቱ ምስክር እሱ ሆነ።

ወረቀቱን ሳጥፍ አየኝ።

«ጥሩ መለስኩ፣ ሲስተር?»

በጣም ጥሩ አልኩት። ሰዓቱ ክሊኒኩ የሚዘጋበት ነበርና ቦርሳዬን አንስቼ እስከ ሚኒባሱ ልሸኝህ አልኩት። ለምን፣ አያለሁ እኮ አለኝ። እንደምታይ አውቃለሁ አልኩት። ወጣን። ከተማው ለምሳ ገብቶ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ፀሐዩ ነጭ ነበር። መኪና አልነበረም። መንገዱ መሀል ስንደርስ እጄን ያዘኝ። እያየ ነው የያዘኝ።